ከማጀት ደብተር እስከ እድር መዝገብ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሺንሺቾ ከተማ፣ የተሰማ ንግግር)



ለዘንድሮው ጉባኤ አንድ ንግግር እንድናዘጋጅ ኮሚቴው ለሦስታችን አደራ ሲሰጠን፣ ርእሱን እናንተው ምረጡ ብሎን ነበር። በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ድንኳኑ ማርጀትና ሰው ተውሶ ስለማይመልሳቸው ብረት ድስቶች ለመናገር ነበር። ይህን ብንተወው ጉዳዩ የተረሳ እንዳይመስላችሁ፤ ድስቱ ያለበት ሰው ራሱን ያውቃል። ነገር ግን በመካከሉ አንድ አሮጌ ደብተር እጃችን ገባና ሐሳባችንን አስለወጠን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእድራችን የመጀመሪያው መዝገብ፣ የ1971 ዓ.ም. ማለታችን ነው፣ ገጹ እየተበጣጠሰ ስለ ሄደ በአዲስ መዝገብ ይገልበጥ ተብሎ ባለፈው ጉባኤ ተወስኖ ነበር። መዝገቡ የሚገኘው ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ያዣችን በነበሩት አባት ቤት ነው። እሳቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ወደ ባለቤታቸው ሄድን። ስማቸውን እዚህ አንጠራም፤ ራሳቸው በንግግሩ ውስጥ አትጥሩኝ ብለውናል። እማማ እያልን እንቀጥል። እማማ ቡና አፍልተው፣ ቆጮውን ከጎመንና ከአይብ ጋር አቅርበው፣ ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡና «ያው፣ የናንተው ነው» ብለው አስረከቡን። ወስደን ስንከፍተው ከመዝገቡ ሥር ሽፋኑ የተላጠ የተማሪ ደብተር ተገኘ። ላዩ ላይ የቤት አያያዝ ትምህርት፣ ሰባተኛ ክፍል፣ 1961 ዓ.ም. ይላል።

በስሕተት እንደ መጣ ስለ ገባን በማግሥቱ ልንመልስ ሄድን። እማማ ሣቁ። «አንብቡት እንጂ፤ ለዛሬ ልጆች ተረት ነው» አሉን። ፈቃድ አገኘን፤ አነበብነው። ከዚያ በኋላ ስለ ድንኳን ለማውራት አልቻልንም።

በዚያ ዘመን ሴቶቹ ተማሪዎች የቤት አያያዝ ሲማሩ፣ ወንዶቹ ደግሞ በዚያው ሰዓት እርሻ ወይም የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ አስተማሪዋ በቃል ያነባሉ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር በንጹሕ ጽሕፈት የተሞላ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙው ዛሬም የሚጠቅም ነው። ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ከመጸዳጃ ሲመለሱ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሕፃኑን ዕቃ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ አለመተኛት። ከሰሉን በተመለከተ እስካሁን በየክረምቱ ሰው እንደሚሞት ታውቃላችሁና ያቺን ገጽ ቀድተን ብንለጥፋት ደስ ባለን። የቤት ወጪ መዝገብ አያያዝም አለበት። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ተብሎ በማስመሪያ በሦስት ዓምድ ተሠምሯል። ይህን ሦስት ዓምድ አስታውሱልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ አንድ ምዕራፍ ይመጣል፤ ርእሱ የመልካም ባለቤት ጠባይ የሚል ነው። እዚህ ላይ ከእኛ ከሦስታችን አንዷ ጮክ ብላ እያነበበች፣ ሁለታችን ወንዶቹ መጀመሪያ እየሣቅን እንሰማ ነበር። ባል ከቢሮ ሲመለስ ሚስት ፊቷን ታጥባ፣ ልብሷን ለውጣ ትጠብቀው፤ ልጆቹ ዝም ይበሉ፤ በልቶ እስኪጨርስ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ሕመም አይነገረው፤ የት አመሸህ አይባል፤ እንግዳ ሳያስታውቅ ይዞ ቢመጣ ፊት አይጠቆርበት፤ ቢቆጣ ጥፋቱ ከእርሷ እንዳይሆን ራሷን ትመርምር። ይህን የመሰለ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ለባል የተሰጠው ምክር የት አለ ብለን ገለጥን፤ አንድ መስመር አገኘን። እሱም ለቤቱ የሚሆነውን ገንዘብ በወቅቱ እንዲሰጥ የሚያሳስብ ነው። ቀጥሎ የሳምንት ሥራ ሠንጠረዥ አለ። ሰኞ ልብስ ማጠብ፣ ማክሰኞ መተኮስ፣ ረቡዕ መስፋት፣ እያለ እሑድ ላይ ይደርሳል፤ በእሑድ ፊት ለፊት እንግዳ መቀበል ተብሎ ተጽፏል። ሣቃችን እዚያ ላይ ቀነሰ።

እማማን ስንጠይቃቸው እሳቸውን ያስገረማቸው ሌላ ነገር ነው። «እኛ ከቢሮ የሚመለስ ባል የት አየን!» አሉ። የሳቸው ባል የሚመለሱት ከማሳ ወይም ከገበያ ነበር። ደብተሩ ሹካ በግራ፣ ቢላዋ በቀኝ ይላል፤ ኬክ በምድጃ ስለ መጋገር ይላል፤ እሳቸው ግን ቤታቸው የነበረው ሦስት ጉልቻ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው፣ ከእንሰት አገር ለወጣች ልጅ በተሰጠ የቤት አያያዝ ትምህርት ውስጥ ስለ እንሰት አንዲት ቃል የለም። እንሰት ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሚደርስ፣ የቱ ዝርያ ለቆጮ፣ የቱ ለአምቾ፣ የቱ ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆን ለይታ የምታውቀው ሴት ናት። ግንዱን በእንጨት ላይ ዘርግታ በቀርከሃ የምትፍቀው፣ ቡላውን የምታጠልለው፣ ጉድጓዱን በቅጠል አልብሳ የምትቀብረው፣ ስንት ሳምንት ወይም ስንት ወር እንደሚቆይ የምትወስነውም እሷው ናት። ወንድ እዚያ አካባቢ መድረስ ነውር ነበር። ይህን የሚያህል ዕውቀት እያለ ልጅቱ ስለ ሹካ ተማረች።

ታዲያ ይህ ምክር ከየት መጣ? ብዙ ሰው የድሮ ነገር ሲያይ «የአባቶቻችን ባህል ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኛም ጥቂት ማንበብ ነበረብን፤ ያገኘነውን እንነግራችኋለን።

ወንድ ተቀምጦ ለሚስት የቤት ሥራ ምክር መጻፍ እጅግ የቆየ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የግሪኩ ዜኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ ውስጥ አንድ ባለ ርስት ሚስቱን እንዴት አድርጎ እንዳስተማራት ይተርካል፤ ልጅቱ ስታገባ አሥራ አምስት ዓመት አልሞላትም። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ደግሞ በፓሪስ አንድ ሽማግሌ ባል ላገባት ልጅ እግር ሚስቱ ረጅም የምክር መጽሐፍ አዘጋጅቷል፤ ጸሎቱም፣ ወጡም፣ የአትክልቱ አያያዝም፣ ለባል መታዘዙም ባንድ ላይ አለበት። በእንግሊዝ አገር እጅግ የታወቀው የቤት አያያዝ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1861 የወጣው የወይዘሮ ቢተን ነው። ሰው ስሙን ሲሰማ ፀጉሯ የሸበተ እመቤት ይመስለዋል። መጽሐፉ ሲወጣ ግን ሴትዮዋ ገና ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የወጡን አሠራር አብዛኛውን ከሌሎች መጻሕፍት የቀዳችው ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ሲሆን በወሊድ ምክንያት ሞተች። ለአንድ ሺህ እመቤቶች መካሪ የሆነችው ይህች ናት። እኛ ይህን ስናነብ አሳዘነችን እንጂ አላስቆጣችንም።

(እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። በየስልካችሁ የሚዞር፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣ የሚባል የመልካም ሚስት መመሪያ አለ። ልጆቻችን ልከውልን እኛም አይተነዋል። ያ ጽሑፍ በእውነት በዚያ መጽሔት ላይ መውጣቱ ማስረጃ ያልተገኘለት ነገር ነው። የእማማ ደብተር ግን በእጃችን ያለ ነው።)

በእኛም አገር የምክር መጽሐፍ ጠፍቶ አያውቅም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ» የሚል መጽሐፍ አላቸው። ርእሱ ራሱ ይናገራል፤ መካሪው አባት፣ ተመካሪው ልጅ ነው፤ እናት በርእሱ አልገባችም። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ የሚተርክ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያ ዘመን ስለ ጋብቻ ሥርዓት በልቦለድ መልክ መጻፍ ትልቅ ድፍረት ነበር፤ ስለዚህ የድሮ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ የሚጎትት ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ልጃገረዶች እዚያ ስፌትና የቤት አያያዝ ተምረዋል፤ ነገር ግን የዚያው ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ለፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት።

ይሁን እንጂ ምክሩን ሕግ ያደረገው ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በቁጥር 635 ባል የቤተሰብ ራስ መሆኑን ደንግጎ፣ ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዛል። በቁጥር 644 ባል ሚስቱን እንዲጠብቅና ጠባይዋንም እንዲመራ ሥልጣን ይሰጠዋል። ቁጥር 646 ላይ ሲደርስ ደግሞ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ያልቻለ እንደ ሆነ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ይላል። ይህ ከእማማ ደብተር ምን ልዩነት አለው? ደብተሩ ይመክራል፤ ሕጉ ያስገድዳል፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

አሁን የሚገርመውን እንንገራችሁ። ያን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ባል ሚስቱን ይጠብቅ፣ ሚስት ባሏን ትታዘዝ የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1804 በወጣው የናፖሌዎን ሕግ ውስጥ በቁጥር 213 ይገኛል። ፈረንሳዮች ራሳቸው የሚስትን የመታዘዝ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1938 ከሕጋቸው አውጥተውት ነበር። እኛ ዘንድ ተጽፎ የመጣው ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። የቤተሰብ ራስ የሚለውንም እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲተዉት፣ እኛ ዘንድ በፌዴራል ደረጃ እስከ 1992 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ዓመት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመተጋገዝ በእኩልነት እንደሚመሩ ደነገገ። እኛ ያኔ በነበርንበት በደቡብ ክልልም የቤተሰብ ሕጉ በ1996 ዓ.ም. ወጣ። እንግዲህ የአባቶቻችን ባህል ብለን አጥብቀን የያዝነው ከፊሉ ፈረንጅ አውልቆ የጣለው ካፖርት ነው ማለት ነው።

የራሳችን የሆነ የለም ወይ? አለ እንጂ። በጽሑፍ ያልሰፈረ የቤት ምክር ከምባታ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ከእናንተ መካከል ባሊሻን የምታስታውሱ እናቶች አላችሁ። ያገባች ሴት የአማቾቿን ስም አለመጥራቷ ብቻ አይደለም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ከአፏ ታስወጣለች። የአማቷ ስም በ‹ዋ› የሚጀምር ቢሆን በገዛ ቤቷ ውስጥ «ዋሳ» ብላ የምትበላውን ለመጥራት አትችልም፤ ሌላ ቃል መፈለግ አለባት። ይህ የሴቶች ግዴታ ነበር፤ ወንዱ በቋንቋው እንደ ልቡ ይናገር ነበር። የውጭ አገር የቋንቋ ሊቃውንት ይህንን መጥተው አጥንተውታል፤ ልጆቻችን ግን አያውቁትም። አክብሮቱ ያማረ እንደ ነበረ እንመሰክራለን፤ ሴቶቹ የፈጠሩት ቃልም ብልህነት የተሞላበት ነው። ቢሆንም አንዲት ሙሽራ በገባችበት ቤት መጀመሪያ የምትማረው ምን እንደማትናገር ነበር። ወደ አማርኛው ደብተር ስንመለስ ደግሞ የሚገኘው ያው ነው፤ በልቶ እስኪጨርስ አትናገሪ።

ከዚህ ከከምባታ የወጡትና በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ፊደል የቆጠሩት ውሃ ልቀዳ እያሉ ከቤት በመውጣት ነው። የማጀቱ ሥራ ከትምህርት ያስቀራቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በዚያው በማጀት ሥራ አሳበው ተማሩ። ኋላ ከእኅታቸው ጋር ሆነው በ1989 ዓ.ም. ገደማ የከምባታ ሴቶችን ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ በየመንደሩ ውይይት ሲከፈት፣ ነገሩ በመጨረሻ የዞረው በእድር በኩል ነው። እድር ያወገዘውን ሰው በድብቅ ማድረግ ይከብደዋልና። ያን ጊዜ እድሮቻችን ለሴት ልጅ ቆመዋል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ለእድር እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሦስቱ ዓምድ እንመለስ።

መዝገቡን ለመገልበጥ ስንቀመጥ የእማማን ደብተር አጠገቡ ከፍተን ትተነው ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ይህ ‹ጸ› እዚህም አለ» አለ። አየነው። ደብተሩ ላይ ያለው ‹ጸ› እግሩ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ መዝገቡም ላይ እንዲሁ። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፤ ሦስቱ ዓምድ በማስመሪያ፤ ከቀሪው በታች ድርብ መስመር። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእድራችንን ሒሳብ የጻፈችው እጅ፣ በሰባተኛ ክፍል የቤት አያያዝ የተማረችው እጅ ናት። በየወሩ መጨረሻ ያለው ፊርማ የባልዮው ነው።

ሄደን ጠየቅናቸው። እማማ አልደበቁም። «እሱ ቁጥር ይወድ ነበር፣ መጻፍ ግን አይወድም ነበር» አሉ። ማታ ማታ ባልዮው የተሰበሰበውን ገንዘብ ቆጥረው ይነግሯቸዋል፣ እሳቸው በኩራዝ ብርሃን ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ አንድ አባል ሁለት ወር ከፍያለሁ ብሎ ሲከራከር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ መሆኑን ሳይቀር ነግረው ያስረቱት እማማ ናቸው፤ በጉባኤው ላይ ግን የተናገሩት ባልዮው ነበሩ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ እድር ቤት ውስጥ በትክክል እንደዚያ ነው የሆነው።

ከዚህ በላይ ያፈርንበት ደግሞ አለ። በመዝገቡ የአባላት ዝርዝር ላይ የአባወራው ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ይጻፍና ከጎኑ «ባለቤት» ይባላል፤ ከዚያ የልጆቹ ስም ይከተላል። መቶ አርባ ሰባት ቤተሰብ ተመዝግቧል፤ የአንዲት ሚስት ስም የለም። ባለቤት፣ ባለቤት፣ ባለቤት፣ እያለ ይወርዳል። ቃሉ የቤት ባለቤት ማለት ነበር፤ በመዝገባችን ግን ስም የሌለው ሰው ማለት ሆኗል። በተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ እማማ በገዛ እጃቸው ለራሳቸው «ባለቤት» ብለው ጽፈዋል።

ለምን ስምዎን አልጻፉም ብንላቸው፣ «ደንቡ እንደዚያ ነዋ» አሉ።

እውነት ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። በመጀመሪያው ደንባችን አንቀጽ ሦስት ላይ አባል ማለት የቤተሰብ ራስ የሆነ ወንድ ነው ተብሏል። የቤተሰብ ራስ የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ አሁን ታውቃላችሁ። ደንቡ በተጻፈ ጊዜ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጾታ ሳይለይ መሬት ይሰጥ ካለ አራት ዓመት አልፎት ነበር። በተግባር ግን በገበሬ ማኅበሩም የሚመዘገበው በአብዛኛው አባወራው ስለ ነበረ፣ የኛ እድር ብቻውን ጥፋተኛ ነው አንልም። አባል ሲሞት ሙሉው ገንዘብ ይከፈላል፣ የአባል ሚስት ስትሞት ግማሹ። ድንኳኑ አንድ ነው፣ ንፍሮው አንድ ነው፣ ለቀስተኛው አንድ ነው፤ ገንዘቡ ግማሽ ነው። ለምን እንደ ሆነ የጠየቅናቸው ሽማግሌዎች ምክንያቱን አላስታወሱም።

የባሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባል ሲሞት ካርዱ ይዘጋል። ሚስት መቀጠል ከፈለገች እንደ አዲስ አባል መግቢያ ትከፍላለች። እማማ ባላቸው በሞቱ በስድስተኛው ወር ይህ ተጠየቁ። ለአርባ ዓመት ያህል እዝን የተሸከሙ፣ ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ ከሁሉ ቀድመው ጎመን የሚቀነጥሱ፣ ሒሳቡንም የጻፉ ሴት፣ እንደ አዲስ ሰው መግቢያ ክፈይ ተባሉ። ከፈሉም። አንድ ጥጃ ሸጠው ከፈሉ። ደረሰኙን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ ከሦስታችን አንዱ በዚያ ጊዜ የኮሚቴ አባል ነበር፤ ያን ዕለት ደንብ አስከበርኩ ብሎ ተኝቷል።

በዚህ ጉዳይ በየሰፈሩ ስንነጋገር የተሰነዘሩትን ተቃውሞዎች ማለፍ ተገቢ አይደለም። አንድ አባት «ባልና ሚስት እኩል አባል ከሆኑ መዋጮው ሁለት ይሁን» ብለዋል። አስበንበታል። መዋጮው የቤተሰብ ነው፤ ዛሬም ከቤቱ ገንዘብ ነው የሚወጣው፤ የእማወራዋ ቅቤና ቡላ ተሸጦ የእድር የተከፈለበት ቤት እዚህ ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ መዋጮ፣ ሁለት ስም። ሌላው ደግሞ «ካዝናው ይራቆታል» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ስጋት ነውና አናቃልለውም። ለሚስት ሞት ሙሉ ቢከፈል ወጪው ይጨምራል። በሌላ በኩል የባላቸው ካርድ ሲዘጋ መግቢያውን መክፈል አቅቷቸው የቀሩ ሴቶች ወርኃዊ መዋጮ ለእድሩ የጠፋ ገቢ ነው። ካለፉት አሥር ዓመታት መዝገብ ስንቆጥር እንዲህ የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። እነዚህ ሴቶች ሲሞቱ ማን ቀበራቸው? ሰፈሩ አዋጥቶ። አሥራ አንዱ ቢቀጥሉ ኖሮ የሚገባው መዋጮ የጨመረውን ወጪ ሁሉ ባይሸፍንም ጥቂት የማይባለውን ይሸፍናል። የቀረውን ለማሟላት ወርኃዊው መዋጮ በትንሹ ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ ይህን ደብቀን ድምፅ ስጡ አንላችሁም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሴቶች የመጣ ነው። «አባል ከሆንን በስብሰባ ልንውል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ንፍሮውንም የምንቀቅለው እኛው ነን» አሉ። ትክክል ናቸው። ለዚህ መልስ አላገኘንም። ወጣቶቹ ውሃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥ ዛሬም ይሠራሉ፤ ጎመን መቀንጠስና ድስት ማጠብ ግን አልለመዱም። ከእኛ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ባለፈው ዓመት ሚስቱ ሐኪም ቤት በተኛችበት ሳምንት በገዛ ቤቱ ጨው የት እንደሚቀመጥ ጎረቤት ጠይቋል። እንደዚህ ያለ ሰው ስለ እኩልነት ንግግር ሲያደርግ ብትሥቁ አንቀየምም። የእማማ ደብተር የመጀመሪያው ክፍል፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ከሰሉና ስለ ሦስቱ ዓምድ የሚናገረው ማለት ነው፣ ለወንዶች ልጆቻችን ቢነበብ የሚጎዳ ነገር አናይበትም። ሁለቱን ገጽ ተኩል ግን እማማ ራሳቸው አልተጠቀሙበትም ይላሉ። ባልዮው ሲመጡ ገና በራፍ ላይ ሳሉ «ዛሬ ዘይት የለም» ይሏቸው እንደ ነበር ነግረውናል፤ በልተው እስኪጨርሱ መጠበቁ ዘይቱን አያመጣውማ።

ለጉባኤው የቀረበው ማሻሻያ ሦስት ነጥብ ነው። አንደኛ፣ በአዲሱ መዝገብ ባልም ሚስትም በየስማቸው ከነአባታቸው እንዲጻፉ። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ሌላው ያለ መግቢያ በዚያው ካርድ እንዲቀጥል፤ መግቢያ የከፈሉ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ገንዘብም እንዲመለስ። ሦስተኛ፣ ለባልም ለሚስትም ሞት የሚከፈለው እኩል እንዲሆን፣ የመዋጮው ጭማሪ መጠን ግን በሒሳብ ተጣርቶ ለብቻው ድምፅ እንዲሰጥበት። የመጀመሪያው ነጥብ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ከዛሬ ጀምሮ ለመሥራት የሚከለክለን የለም ብለን እናምናለን።

እማማ ይህን ጽሑፍ ከጉባኤው በፊት አንብበውታል። ሁለት እርማት አድርገውበታል። አንደኛው፣ ባልዮውን መጻፍ አይወድም ያልነውን፣ ዓይኑን ያመው ነበር በሉ ብለዋል። ብለናል። ሁለተኛው ስለ ስማቸው ነው። «በወረቀታችሁ አታውጡኝ፤ በመዝገቡ ግን ጻፉኝ» አሉ። አዲሱ መዝገብ በጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። እስካሁን የተገለበጠው እስከ ተራ ቁጥር አርባ ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ የእማማ ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ተጽፏል፤ የጻፉትም ራሳቸው ናቸው። ከአርባ አንድ በኋላ ያላችሁ፣ የባለቤቶቻችሁን ሙሉ ስም ይዛችሁ እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድረስ ለጸሐፊው እንድታስታውቁ፣ አያቱን የማታውቁም ካላችሁ ቤት ሄዳችሁ እንድትጠይቁ በአክብሮት እንለምናለን።